የደጋ ሯጭ በባህር ዳርቻ ማራቶን

የባህር ዳርቻ ማራቶን የሚባለው ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩ ብዙው ወይም ወሳኙ ክፍል በባህር ዳር የሚሮጥ፣ ከፍታው ከባህር ወለል እምብዛም የማይርቅ ውድድር ነው። ዱባይ፣ ዶሃ፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ሲድኒና ቫሌንሲያ የዚህ ዓይነት ውድድር ያስተናገዱ ከተሞች ናቸው። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ የራሷ የባህር ዳርቻ የላትም፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሯጮቿ ግን በእነዚህ ከተሞች ጎዳና ደጋግመው ድል አድርገዋል። ውድድሩን አቋርጠው የወጡባቸው ቀናትም ጥቂት አይደሉም። ለድሉም ለሽንፈቱም አንዱ ዋና ምክንያት አየሩ ነው። ከደጋ ለወረደ ሯጭ የባህር ዳር አየር ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ላቡን ግን አያደርቅለትም።

እንዲህ ያለ ሯጭ ከሚነሳባቸው አካባቢዎች አንዱን ለምሳሌ እንውሰድ፦ በደቡብ ኢትዮጵያ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ዲላ ከባህር ወለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ቡሌ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ እየወጣ፣ የጌዴኦ ዞን ከፍተኛ ቦታዎች ወደ 3,000 ሜትር ወደሚጠጉበት ደጋ ያደርሳል። በስተምዕራብ ደግሞ መሬቱ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ የሐይቁ ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አካባቢ ያደገ ወጣት በአንድ ቀን ጉዞ ደጋውንም ወይናደጋውንም ቆላውንም ሊያይ ይችላል። የሚቀረው ባህሩ ነው። እሱም ቢሆን መንገድ አለው፤ በዲላ መሃል የሚያልፈው አስፋልት ይርጋጨፌን አልፎ ሞያሌ ይደርሳል፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ይገባል፣ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ለታጠፈ ሰው ደግሞ መጨረሻው የሕንድ ውቅያኖስ ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ደጋም ሆነ ባህር ዳር 21 በመቶ ያህል ነው። ከፍታ የሚለውጠው ግፊቱን ነው። በባህር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በዲላ ከፍታ ወደ 630፣ በ2,800 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 540 ይወርዳል። ስለዚህ በደጋው ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ በባህር ዳር ከሚሳበው ጋር ሲነጻጸር ሰባት አሥረኛውን ያህል ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ኩላሊት ጉድለቱን ስትለይ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ በዚህ የታዘዘው የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ደጋ ተወልዶ ደጋ የሠለጠነ ሯጭ ወደ ባህር ዳርቻ የሚወርደው ይህንን ደም ይዞ ነው። ጥቅሙም ከወረደ በኋላ ለሳምንታት አብሮት ይቆያል።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ኪሎ ሜትሮች ሯጩ የሚሰማው ቅለት ነው። በሱሉልታ ወይም በበቆጂ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያሳጥር የነበረው ፍጥነት እዚህ እንደ ሶምሶማ ይሆንለታል። ልምድ የሌለውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። እግር ትንፋሹን አምኖ ከእቅዱ በላይ ይፈጥናል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ልምድ ያለውም ቢሆን አይድንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በጥር ወር 2008 ዱባይ ላይ ሲሰለፍ በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ክብረ ወሰን ከሰበረ አራት ወር አልሞላውም ነበር። የመጀመሪያውን አጋማሽ ከ62 ደቂቃ በታች አለፈ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነበር። አሸነፈ፤ ሰዓቱ ግን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሆኖ ክብረ ወሰኑ በ27 ሰከንድ አመለጠው። በ2009 እና በ2010ም እዚያው ዱባይ ላይ አሸንፏል፤ የ2008ቱን ሰዓት ግን አልደገመውም።

ከትንፋሹ ቅለት ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር ወበቅ ነው፤ የባህር ዳርቻ ማራቶን ሙሉ ባሕርይ የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እርምጃ የሚለወጠው ቢበዛ ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ላብ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ አስፋልት ላይ የወደቀ ላብ ሙቀት አይወስድም፤ የሚወስደው ውሃና ጨው ነው። ይርጋጨፌ ወይም ኮቸሬ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያሰጣ ሰው ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀን ቡናው ቶሎ ይደርቃል፤ ጉም በወረደበት ቀን ግን ሠራተኛው ቢያገላብጠውም እርጥብ እንደሆነ ያመሻል፣ አየሩ በውሃ ጠግቦ ሌላ የሚቀበልበት ቦታ የለውምና። በባህር ዳርቻ የሯጭ ቆዳም እንደዚያው ነው።

የጌዴኦ አየርም እርጥበት አያጣም። በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፣ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። ልዩነቱ የጌዴኦ እርጥበት ከቅዝቃዜ ጋር የሚመጣ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከቆዳ ላይ ሙቀትን በቀጥታ ስለሚወስድ ላብ ባይተንም የከፋ ጉዳት አይደርስም። በባህር ዳርቻ ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ያኔ ደም ለሁለት ጌታ ይገዛል፦ ጡንቻ ኦክስጅን ፈልጎ ይጠራዋል፣ ቆዳ ሙቀት እንዲያወጣ ይጠራዋል። ልብ ሁለቱንም ለማዳረስ ምቱን ያፈጥናል። ሯጩ ፍጥነቱን ሳይጨምር የልቡ ምት ብቻ ሽቅብ ሲወጣ፣ ገና በ15ኛው ኪሎ ሜትር የመጨረሻው ዳገት ላይ ያለ ይመስለዋል። ጫማው በላብ ርሶ ይከብዳል፤ ብብቱና የጭኑ ውስጥ ይላላጣል። ከመነሻው በፊት ቫዝሊን መቀባት የተለመደው ለዚህ ነው።

በ2007 በሞምባሳ የተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ማራቶን ባይሆንም ለዚህ ትምህርት የሚጠቀስ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ያሸነፈ ሯጭ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2007 ግን በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ በሞምባሳ የጎልፍ ሜዳ ላይ፣ በከባድ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ ሲሮጥ በመጨረሻው ዙር አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የወሰደው ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ነበር። እሱም ከቀዝቃዛው የአስመራ ደጋ የመጣ ስለሆነ የዚያን ቀኑን ውጤት በደጋ ልጅነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሙቀትን የመቻል ነገር ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱም ሰው አቅም ከቀን ቀን ይለያያል።

ዶሃ ላይ በ2019 በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሆነው ደግሞ ይበልጥ ገላጭ ነው። አዘጋጆቹ ፀሐይን ለመሸሽ የሴቶቹን ማራቶን መስከረም 27 ቀን፣ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው አስጀመሩት። መንገዱ ኮርኒሽ በሚባለው የባህር ዳር ጎዳና ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ዙር ስድስት ጊዜ የሚያስመላልስ ነበር። ፀሐይ አልነበረችም፤ ወበቁ ግን ነበር። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ ሳይጨርሱ ወጡ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ይገኙበታል። አሸናፊዋ ኬንያዊት ሩት ቼፕንጌቲች የገባችበት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ በዚያው ዓመት ጥር ወር ዱባይ ላይ ካሸነፈችበት ሰዓት በ15 ደቂቃ ይዘገያል። ሁለቱም ከተሞች የባህረ ሰላጤው ዳር ናቸው፤ የለያያቸው ወሩ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ጎዳና፣ አሁንም በእኩለ ሌሊት፣ ወንዶቹ ሮጡ። አየሩ ከሴቶቹ ሌሊት ይልቅ ለዘብ ብሎ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በአራት ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጡ። ኢትዮጵያ በዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ወርቅ ስታገኝ በ2001 ኤድመንተን ላይ ገዛኸኝ አበራ ካሸነፈ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያ ሌሊት መሪዎቹ ጉልበታቸውን ለመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አቆይተዋል። በወበቅ ሰዓት አይታደንም፤ የሚታደነው ቦታ ነው።

ሦስተኛው ነገር ነፋስ ነው። ቀን ላይ የብስ ከባህር ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቦታውን ለመያዝ ቀዝቃዛው የባህር አየር ወደ የብስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የባህር ዳርቻ ማራቶኖች አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ይጀምራሉ። በወበቅ ቀን ነፋሱ ላብ ስለሚያደርቅ ይወደዳል። ፊት ለፊት ሲመጣ ግን የሚያስከፍለው ጉልበት ከኋላ ሆኖ ሲገፋ ከሚመልሰው ይበልጣል። አንዱ አቅጣጫ ሌላውን ያካክሳል ብሎ የሚያስብ ሯጭ ደርሶ መልስ በሆነ የባህር ዳር መንገድ ላይ ይከስራል። ብልሃቱ በቡድን መሮጥ፣ ከአሯሯጮች ጀርባ መጠለል ነው። ብቻውን የተነጠለ ሯጭ ነፋሱን ብቻውን ይሸከማል።

ባህር ዳር ማለት ሁልጊዜ ሙቀት ማለት አይደለም። የቦስተን ማራቶን ከሆፕኪንተን ተነስቶ ወደ ባህር ዳሯ ከተማ የሚወርድ ሲሆን ከአትላንቲክ የሚነሳው የምሥራቅ ነፋስ ሯጩን ፊት ለፊት ያገኘዋል። በሚያዝያ 2018 ቀዝቃዛ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ተደርበው ብዙ ታላላቅ ሯጮች አቋርጠዋል። በዚህ አስቸጋሪ ጎዳና ላይ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማሸነፏ ከሚገባው በታች የተወራለት ታሪክ ነው። ገዛኸኝ አበራም በ2000 በነፋሻማዋ ሲድኒ፣ የወደቡን ድልድይ አቋርጦ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቋል፤ ተስፋዬ ቶላ ደግሞ ነሐስ አግኝቷል። በ2016 ሪዮ ላይ፣ በጓናባራ የባህር ወሽመጥ ዳር በሚያልፈው መንገድ፣ ማሬ ዲባባ በሞቃት ቀን ነሐስ፣ ከሳምንት በኋላ ፈይሳ ሌሊሳ በዝናብ ብር አግኝተዋል።

ሜዳነት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አብዛኛው የባህር ዳር ጎዳና ዳገትና ቁልቁለት የለውም። ዳገት ላይ ያደገ ሯጭ ሜዳው ዕረፍት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዳገትና ቁልቁለት ጡንቻዎችን ያፈራርቃሉ፣ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ጡንቻ አንዱን እንቅስቃሴ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳያርፍ ይደግማል። ባት የሚሸማቀቀውም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ አሥር ኪሎ ሜትሮች ነው። የአእምሮም ድካም አለው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ጎዳና ላይ መድረሻው እየታየ አይደረስበትም። በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፦ ወንዶቹ ከማታሮ ተነስተው በሜዲትራኒያን ዳር በወበቅ ከሮጡ በኋላ መጨረሻ ላይ የሞንትዡይክ ኮረብታ ጠበቃቸው። ለደጋ ልጅ እንዲህ ያለው መንገድ ሳይሻል አይቀርም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሁሉ ተምረው ዱባይን የራሳቸው ያህል አድርገዋታል። ከ2012 እስከ 2020 በየዓመቱ የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው ኢትዮጵያዊ ነው። አየለ አብሽሮ በ2012፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013፣ ጌታነህ ሞላ በ2019 ያሸነፉት በመጀመሪያ ማራቶናቸው ነበር፤ የጌታነህ ሰዓት 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ነው። ቫሌንሲያም በቅዝቃዜው የታኅሣሥ ወር የፈጣን ሰዓት ከተማ ሆናለች። አማኔ በሪሶ በ2022 እዚያ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ ሲሳይ ለማ በ2023 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጠዋል። የባህር ዳሩ የአየር ግፊት፣ ሜዳማው ጎዳናና ቀዝቃዛው ወር አንድ ላይ ሲገጥሙ የሚሆነው ይህ ነው።

የመጠጥ ጉዳይ በዝርዝር መታየት አለበት። በወበቅ የሚሮጥ ሰው በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል፤ የሚሮጥ ሆድ ግን ያንን ሁሉ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ግቡ የወጣውን በሙሉ መተካት ሳይሆን ጉድለቱ እንዳይሰፋ መጠበቅ ነው። በትልልቅ ውድድሮች በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ የሯጮቹ ጠርሙሶች ተለይተው ይደረደራሉ። ሯጩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የራሱን ከመካከል ነጥቆ ማለፍ አለበት፤ የሳተው ቀጣዩን አምስት ኪሎ ሜትር በደረቅ ጉሮሮ ይሮጣል። ይህ ነጠቃ ልምምድ ይፈልጋል፤ በዲላ አስፋልት ዳር ወንበር ላይ ጠርሙስ አስቀምጦ መለማመድ ይቻላል። ቀስ ብለው ለሚሮጡት ደግሞ አደጋው በተቃራኒው ነው። አራትና አምስት ሰዓት ሙሉ በየጠረጴዛው ንጹህ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሊቀጥንበት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። በጥማት ልክ መጠጣት፣ ከውሃውም ጋር ጨውና ስኳር ማግኘት ይበጃል።

ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ሰውነት ስታርች ማከማቸት አለበት። የጌዴኦ ማዕድ ለዚህ አያንስም። ቆጮም ቡላም ስታርች ናቸው፤ በዋዜማው ግን አሰር የሚያንሰው የቡላ ገንፎ ለሆድ ይሻላል። ቡናም ቦታ አለው። ካፌይን ለረጅም ርቀት ሯጭ እንደሚረዳ የተረጋገጠ ነው፤ ከ2004 ጀምሮም በውድድር ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውጪ ነው። ቡና ለለመደ ሰው ሰውነት ያደርቃል የሚለው ፍርሃት የተጋነነ ነው። ለውድድር ጠዋት ብሎ አዲስ ነገር መሞከር ግን ስህተት ነው፤ በልምምድ ያልተጠጣ ቡና በውድድር አይጠጣም።

ሰውነት ሙቀትን መልመድ ይችላል። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን በየቀኑ በሙቀት ውስጥ መለስተኛ ሩጫ የሮጠ ሰው ደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ከጌዴኦ የሚነሳ ሯጭ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም። ረጃጅሞቹንና ቀስ ያሉትን ሩጫዎች በቡሌ ደጋ፣ ፈጣኖቹን በዲላ ከፍታ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት የሙቀት ልምምድ ደግሞ ወደ አባያ በሚወርደው ቆላ ማድረግ ይቻላል። ጌዴኦ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በእንሰትና በቡና በተሸፈነው ባህላዊ መልክዓ ምድሩ ነው፤ ያው አቀማመጥ ለሯጭም ስም ካላቸው የሥልጠና ቦታዎች የሚያንስ አይመስልም።

ወደ ውጭ ለመሄድ ዕድል ያላገኘ ሯጭ ልምዱን በሐይቅ ዳር መጀመር ይችላል። ከዲላ ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ ከ2013 ጀምሮ በኃይሌ ገብረሥላሴ ስም የተሰየመውን ማራቶን አስተናግዳለች። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የባህርን ትንፋሽ አትሰጥም። ሜዳማው ጎዳና፣ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስና ረፈድ ሲል የሚበረታው ፀሐይ ግን የባህር ዳርቻውን ፈተና በትንሹ ያቀምሳሉ። ሐይቅም እንደ ባህር ከየብስ ዘግይቶ ስለሚሞቅ የራሱን ነፋስ ያመነጫል።

በሐይቅም ሆነ በባህር ዳር የሯጭን ሕይወት የሚያሰጋው የሙቀት ምት ነው። የሚንገዳገድ፣ የማይገናኝ ነገር የሚናገር ወይም ራሱን የሚስት ሯጭ ከታየ ሩጫው ለእሱ አብቅቷል። ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ወይም በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ ማራገብ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይሰጥም። አምቡላንስ ወዲያው ይጠራል፤ ማቀዝቀዙ ግን አምቡላንሱ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ከተቻለም ሯጩ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሆስፒታል አይጫንም።